ፋይሉ እያለ «የለም» የሚል ተርሚናል

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ዊንዶውስ ላይ ጊት ባሽ እጠቀማለሁ። የፋይሉን አድራሻ ኮፒ ፔስት አድርጌ በሲፒ (cp) ትዕዛዝ ልገለብጠው ስል እንዲህ ያለ ፋይል የለም ይለኛል። ፋይሉ ግን እዚያው አለ። አድራሻው ዲ:\የሥራ ፋይሎች\ሪፖርት ነው።»

ፋይሉ አለ፤ ሲፒም አልተሳሳተም። እርስዎ የጻፉት አድራሻ ሲፒ ጋ ሳይደርስ ተቀይሯል። ማንኛውንም መስመር መጀመሪያ የሚያነበው ሼሉ፣ ማለትም ትዕዛዞችን የሚተረጉመው ፕሮግራም (እዚህ ባሽ) ነው። በራሱ ሕግ ከፋፍሎ ነው ለትዕዛዙ የሚያቀብለው።

ሁለት ነገር ሆኗል። ባሽ ባክስላሽን (\) የፎልደር መለያ አድርጎ አያየውም። «ቀጥሎ ያለውን ፊደል እንዳለ ውሰደው» የሚል ምልክት ነው፤ ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል። ስፔስ ደግሞ አንዱን ቃል ከሌላው ይለያል። ስለዚህ ለሲፒ የደረሱት ሁለት ቁራጮች ናቸው፦ «ዲ:የሥራ» እና «ፋይሎችሪፖርት»። እነዚህ በእርግጥም የሉም። የስህተት መልእክቱን እንደገና ይዩት፤ ባክስላሹ የለም፣ ስሙም ስፔሱ ላይ ተቆርጧል።

አድራሻውን በነጠላ ጥቅስ ያስገቡት፦ 'ዲ:\የሥራ ፋይሎች\ሪፖርት'። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ሼሉ ምንም አይነካም። ድርብ ጥቅስም ስፔሱን ያድናል፤ ግን የዶላር ምልክት ካለ ተለዋዋጭ (ቫሪያብል፣ ዋጋ የያዘ ስም) መስሎት ይተካዋል። ከዊንዶውስ ለተገለበጠ አድራሻ እኔ ሁልጊዜ ነጠላውን ነው የምመርጠው።

ከዚህ የሚሻለው ግን አድራሻውን በዩኒክስ አጻጻፍ፣ ማለትም በ\ ፈንታ በ/ መጻፍ ነው። ጊት ባሽ ላይ ዲ ድራይቭ /ዲ (/d) ነው፤ ዊንዶውስ ላይ የሊኑክስ ዓይነት ትዕዛዞችን በሚያስኬዱት ሌሎች ሁለት መሣሪያዎች ደግሞ፣ ሲግዊን ላይ /ሲግድራይቭ/ዲ (/cygdrive/d)፣ ደብሊውኤስኤል (WSL) ላይ /ኤምኤንቲ/ዲ (/mnt/d)። ደብሊውኤስኤል የዊንዶውሱን አድራሻ በጥቅስ ቢያስገቡትም አይቀበልም፤ ደብሊውኤስኤልፓዝ (wslpath) የሚባለው ትዕዛዝ ይቀይርልዎታል። ለሌሎቹ ሁለቱ ሲግፓዝ (cygpath) አለ። በእጅ ሲጽፉ ደግሞ የስሙን መጀመሪያ ጽፈው ታብ ይጫኑ፤ ሼሉ ቀሪውን ራሱ ሞልቶ ስፔሱንም ያስተካክልልዎታል።

ጥቅስ ሲለምዱ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የቤት ፎልደርን የምታመለክተው ~ እና ብዙ ፋይል የምትመርጠው * በጥቅስ ውስጥ አይሠሩም። እነሱን ውጭ ትተው ስሙን ብቻ ይጥቀሱ፦ ~/'የሥራ ፋይሎች'/*

ሲፒ ላይ ስህተቱ መልእክት ብቻ አስከተለ። በማጥፊያው ትዕዛዝ በአርኤም (rm) ግን አደጋ ነው። አንድ ፎልደር አጠፋለሁ ብለው ጥቅሱን ቢረሱ፣ «የሥራ» የሚባል ሌላ ፎልደር ካለ እሱ ይጠፋል፤ ተርሚናል ላይ የጠፋ ደግሞ ሪሳይክል ቢን ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ከማጥፋትዎ በፊት ያንኑ አድራሻ ፋይሎችን ለሚዘረዝረው ትዕዛዝ ለኤልኤስ (ls) ይስጡት። የተቆራረጠ ከሆነ እያንዳንዱን ቁራጭ ለየብቻ ይነግርዎታል። ስክሪፕት (በፋይል የተጻፉ ትዕዛዞች) ውስጥም የፋይል ስም የያዘ ተለዋዋጭ ሁሉ በድርብ ጥቅስ ይግባ። ስሙ በሰረዝ የሚጀምር ፋይል ካጋጠመዎት ደግሞ ፊቱ ላይ ./ ይጨምሩ፤ አለዚያ ትዕዛዙ የራሱ አማራጭ (ኦፕሽን) ይመስለዋል።