አሚትሪፕቲሊን እየወሰደ ክራቶም ለጀመረ ሰው፦ የጤናውም የሕጉም መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። ወንድምሽ ለጀርባ ሕመሙ ሐኪም ያዘዘለትን 25 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን ማታ ማታ ይወስዳል። በዚያ ላይ "ተፈጥሯዊ ነው" ተብሎ በኢንተርኔት የገዛውን ክራቶም የሚባል የዛፍ ቅጠል ዱቄት መውሰድ ከጀመረ ወራት አልፈዋል። በቅርቡ በታይላንድ በኩል ሲንጋፖር ሊሄድ ነው። አደጋ አለው ወይ፣ ሕጋዊ ነው ወይ፣ ካቫ ወደሚባለው ሌላ ዕፅ ቢዞርስ ነው ያልሽው። እስካሁን ከመለሱልሽ ግማሾቹ "ቅጠል ምን ያደርጋል" አሉ፣ ግማሾቹ "ይገድላል" አሉ። በሁለቱም ምንም ልትሠሪበት አትችዪም። ነገሩን የሚወስኑት በእጁ ያለው ተራ ቅጠል ነው ወይስ ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተጨምቆ የጠነከረ)፣ አብሮት ምን ይውጣል፣ የትኛውንስ ድንበር ይዞት ያልፋል የሚሉት ናቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቸኳዩን ላስቀድም። ክራቶሙን ይዞ ሲንጋፖር እንዳይገባ። የክራቶም ዋና ንጥረ ነገር የሆነው ሚትራጋይኒንም፣ ዘመዱ 7-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒንም በዚያ አገር የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ በከባዱ ምድብ፣ በክፍል ኤ ተመዝግበዋል። ታይላንድ ደግሞ ከ1943 ጀምሮ የከለከለችውን ክራቶም ኦገስት 24 ቀን 2021 ከአደንዛዥ ዕፅ ዝርዝሯ አውጥታዋለች። ወጥመዱም እዚህ ላይ ነው። ታይላንድ ውስጥ በአደባባይ የተገዛ ከረጢት በሻንጣ ተረስቶ ሲንጋፖር ሲደርስ የወንጀል ማስረጃ ይሆናል። ታይላንድም ብትሆን በ2022 ባወጣችው የክራቶም ሕግ ወደ አገር ማስገባትና ማውጣትን በፈቃድ ብቻ አድርጋዋለች፤ ከ18 ዓመት በታች ላሉ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ ሴት መሸጥንም ከልክላለች። ስለዚህ ቤት ያለውን ይዞ ወደ ታይላንድ መግባቱም ያለ ፈቃድ አይሆንም። ዱቄቱ የነበረበትን ማንኪያ፣ ማሰሮ፣ የሻንጣ ኪስ ሁሉ አጥቦ ይሂድ።

ግን ጉዞው በጤናም በኩል የሚነካው ነገር አለ፤ ወራት የወሰደ ሰው በበረራው ዋዜማ ድንገት ቢያቆም የማቋረጥ ሕመሙ የሚነሳበት ሲንጋፖር ከደረሰ በኋላ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የያዘውን ነገር እወቂ። ክራቶም ከቡና ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዛፍ ነው። ሚትራጋይኒን በአንጎል ውስጥ ሞርፊንና ኮዴይን የሚይዙትን ተቀባይ በከፊል ያነቃቃል፤ ሕመም የሚያስታግሰውም ሱስ የሚያስይዘውም በዚሁ በር ነው። የደረቀ ቅጠል ዱቄት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ሚትራጋይኒን ይይዛል፤ 1.5 በመቶ ብንል 5 ግራም ዱቄት 75 ሚሊግራም ይሰጣል። 45 በመቶ ተብሎ የሚሸጥ ኤክስትራክት ግን በ1 ግራም ብቻ 450 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ይህ የ30 ግራም ቅጠል ያህል ነው። "አንድ ማንኪያ እወስዳለሁ" የሚል ሰው ዱቄቱን በኤክስትራክት ከቀየረ ማንኪያው ያው ሆኖ መጠኑ ሠላሳ እጥፍ ይሆናል። በዱቄትም ቢሆን ከ1 እስከ 5 ግራም የሚያነቃ፣ ከ5 እስከ 15 ግራም የሚያደነዝዝና ሕመም የሚያስታግስ ነው ይባላል፤ ሰው ከሰው፣ ምርት ከምርት ስለሚለያይ በዚህ ልክ ላይ መተማመን አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቀው "ሰባት-ኦኤች" ተብሎ በእንክብልና በማስቲካ መልክ የሚሸጠውን ነው። በተፈጥሮ ቅጠል ውስጥ 7-ሃይድሮክሲሚትራጋይኒን በ1 ግራም ከግማሽ ሚሊግራም በታች ነው። 15 ሚሊግራም የያዘ አንድ እንክብል ከ30 ግራም ቅጠል የሚበልጥ ማለት ነው፤ ንጥረ ነገሩ ደግሞ ከሚትራጋይኒን በብዙ ይበረታል። ይህ ክራቶም ሳይሆን የክራቶምን ስም የለበሰ ኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት ንጥረ ነገር) ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር (ኤፍዲኤ) በጁላይ 2025 ይህኛው ተለይቶ በቁጥጥር ዝርዝር እንዲገባ ሐሳብ ያቀረበውም ለዚህ ነው። ወንድምሽ ማሸጊያውን ፎቶ አንስቶ ይላክልሽና "7" የሚል ቁጥር ወይም "ኤክስትራክት" የሚል ቃል ፈልጊበት። በነገራችን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ የሚሉት የቅጠል ጅማት ስሞች ለሽያጭ የወጡ ናቸው፤ ስለ ይዘቱ ምንም አይነግሩሽም።

አሁን ወደ አሚትሪፕቲሊኑ። በጥያቄሽ ውስጥ ማንም ሳያየው ያለፈው ይህ ነው። አሚትሪፕቲሊንን ጉበት የሚያፈርሰው በዋናነት ሲዋይፒ 2ዲ6 እና 2ሲ19 በሚባሉ ኢንዛይሞች ነው። ሚትራጋይኒን 2ዲ6ን ያግዳል። ስለዚህ የሚውጠው 25 ሚሊግራም ቢሆንም በደሙ ውስጥ ከዚያ የበዛ ያህል ሊጠራቀም ይችላል። መጀመሪያ የሚታየው ቀላል ነው፤ አፍ መድረቅ፣ ሆድ ድርቀት (ክራቶም ራሱም ያደርቃል)፣ ሽንት ማስቸገር፣ ጠዋት የማይለቅ ድንዛዜ። ሲብስ የልብ ምት ይፈጥናል፣ ይዛባል፣ ሲነሳ ያዞረዋል፣ እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠውም ይችላል። ማንቀጥቀጥ ደግሞ ክራቶምም ለብቻው የሚያመጣው ስለሆነ አደጋው ይደረባል። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ይነሳ፤ ዋጋው ከሚሰጠው መረጃ አንጻር ምንም አይደለም። ትራማዶልና ኮዴይን የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ከክራቶም ጋር መውሰድ ደግሞ ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። ኦፒዮይድ በኦፒዮይድ ላይ ይጨመራል፣ በዚያ ላይ ወደ ንቁ መልካቸው የሚለውጣቸው ይኸው 2ዲ6 ስለሆነ ሕመም የማስታገስ አቅማቸው ይቀንሳል፤ ሰውየውም "አልሠራልኝም" ብሎ ይጨምራል።

"ይገድላል" ላሉት፦ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከጁላይ 2016 እስከ ዲሴምበር 2017 በተወሰኑ ግዛቶች የተመዘገቡ 27,338 የመድኃኒት ከመጠን በላይ ሞቶችን መርምሮ በ152ቱ ክራቶም አግኝቷል፤ በ91ዱ ለሞት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ተብሏል፤ ሌላ ነገር ሳይገኝ ክራቶም ብቻ የታየው በ7ቱ ነው። አብዛኞቹ ላይ ፌንታኒል የሚባለው ብርቱ ኦፒዮይድ አብሮ ነበር። ከዚህ የሚወሰደው አደጋው በብዛት ከድብልቁ መሆኑ ነው፤ ወንድምሽም ድብልቅ ላይ ነው ያለው። አልኮልና የእንቅልፍ ኪኒን ሦስተኛ ሆነው እንዳይገቡ። ቢቀሰቀስ የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ፣ ከንፈሩ የጠቆረ ሰው ካያችሁ በጎኑ አስተኝታችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ ናሎክሶን (የኦፒዮይድ ማርከሻ) ካለ ስጡ። ናሎክሶን በኦፒዮይዱ በኩል ያለውን ብቻ ይመልሳል፤ የአሚትሪፕቲሊኑን የልብ ችግር አይነካም፤ ስለዚህ ቢነቃም ሆስፒታል ይሂድ።

የጉበት ጉዳት ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፤ ሲደርስ ግን መልኩ ይታወቃል። በተለምዶ ከተጀመረ በ1 እና በ8 ሳምንት መካከል ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የሚያሳክክ ሰውነት፣ የጠቆረ ሽንት፣ የነጣ ሰገራ፣ ቢጫ ዓይን ይመጣል። ወንድምሽ ይህን ጊዜ አልፏል፤ ግን አዲስ ምርት በገዛ ቁጥር፣ በተለይ ወደ ኤክስትራክት ከዞረ፣ አለፈ አይባልም። የጉበቱን ሁኔታ በደም የሚያሳዩት ኤኤልቲ፣ ኤኤስቲ፣ አልካላይን ፎስፋቴዝና ቢሊሩቢን ይመርመሩ። ላቦራቶሪውን "የሽንት የመድኃኒት ምርመራ" ብቻ ብትጠይቁት ክራቶም አይታይበትም፤ ተራው የኦፒየት ምርመራ አያውቀውም። ስለዚህ ለሐኪሙ በአፉ ካልነገረው ሐኪሙ በምንም አያውቅም።

ቆሻሻውም ሌላ ጣጣ ነው። በ2018 አሜሪካ ውስጥ በሳልሞኔላ ከተበከለ ክራቶም በ41 ግዛቶች 199 ሰዎች ታመዋል። ኤፍዲኤ በሌሎች ናሙናዎች እርሳስና ኒኬልም አግኝቷል። የፈላ ውሃ ባክቴሪያውን ሊገድል ይችላል፣ ብረቱን ግን አያወጣም፤ በካፕሱል የሚወስድ ደግሞ የፈላ ውሃም የለውም። ሻጩ የምርመራ ወረቀት ካለው ከማሸጊያው ጋር አንድ የሆነ የምርት ቁጥር አለው ወይ፣ ላቦራቶሪው ከሻጩ የተለየ ነው ወይ፣ ሚትራጋይኒን በመቶኛ ተጽፏል ወይ፣ ሳልሞኔላና እርሳስ ተመርምረዋል ወይ ብላችሁ እዩ። 7-ሃይድሮክሲው ከጠቅላላው አልካሎይድ (የቅጠሉ ንቁ ንጥረ ነገሮች) ከ2 በመቶ ከበለጠ ሰው የጨመረበት ነው። ወረቀት የሌለውን መጣል ነው።

ማቆም። ዕለት በዕለት ለወራት ከወሰደ ካቆመ በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ንፍጥ፣ የጡንቻ ሕመም፣ እግር ማንፈራገጥ፣ ተቅማጥ፣ ቁጣና እንቅልፍ ማጣት ይጀምረዋል፤ ከባዱ ባብዛኛው በሳምንት ውስጥ ያልፋል፣ እንቅልፉ ይዘገያል። በተራ ዱቄት ላይ ከሆነ 0.1 ግራም በሚለይ ሚዛን (በማንኪያ አይደለም) የዕለቱን መጠን ይመዝን፤ በየ4 ወይም በየ5 ቀኑ የመጀመሪያውን መጠን አንድ አሥረኛ ይቀንስ። ይህ ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ የበረራውን ቀን ከዚህ አንጻር ቁጠሩት፤ ካልበቃ ጉዞውን መግፋት ይሻላል። ኤክስትራክት ወይም ሰባት-ኦኤች ከሆነ በቤት አይሞከር፤ ቡፕረኖርፊን (የኦፒዮይድ ሱስ መድኃኒት) ማዘዝ የሚችል ሐኪም ያስፈልጋል። ተቅማጡን ሎፐራሚድ በሚባለው የተቅማጥ መድኃኒት ሲይዝ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን 8 ሚሊግራም እንዳያልፍ፤ ለማቋረጥ ሕመም ብለው በብዛት የዋጡት ሰዎች የልብ ምታቸው ተዛብቶ ሞተዋል። ክራቶሙ ሲቀንስ የታገደው ኢንዛይም ስለሚለቀቅ የአሚትሪፕቲሊኑም መጠን በደሙ ይወርዳል፤ የጀርባ ሕመሙ የተመለሰ ሊመስለው ይችላል። በራሱ እጅ እንዳይጨምር፤ ሐኪሙ ይወስን። ደግሞ ካቆመ በኋላ ወደ ቀድሞው መጠን አንድ ጊዜ እንኳ አይመለስ፤ ሰውነቱ ልማዱን ረስቷል።

ካቫን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው፣ ቢያንስ አሚትሪፕቲሊን እየወሰደ። ካቫ የፓሲፊክ ደሴቶች ሥር ነው፤ ኦፒዮይድ አይደለም፣ ጭንቀት ያረግባል። ግን ድንዛዜው በድንዛዜ ላይ ይደረባል፣ እሱም በጉበት ላይ ጥያቄ ያለበት ነው፤ ኤፍዲኤ በማርች 2002 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጥሩው ካቫ ከተላጠ ሥር በውሃ የሚወጣ ነው፤ ቅጠልና የግንድ ልጣጭ ያለበት፣ ወይም በአሴቶንና በአልኮል የተጨመቀ ካፕሱል ይበልጥ ይጠረጠራል። አውስትራሊያ ለኪኒኑ በቀን 250 ሚሊግራም ካቫላክቶን (የካቫ ንቁ ንጥረ ነገር) ጣሪያ አድርጋለች። ብዙ ሲወሰድ ቆዳው እንደ ቅርፊት ይላላጣል፤ ሲቆም ይድናል።

ሌሎቹን ባጭሩ። የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅ የሚባለው የስሜት ማሻሻያ የአሚትሪፕቲሊንን መጠን ይቀንሳል፣ በሴሮቶኒን በኩልም ይጋጫል። አያዋስካ የሚባለው ቅዠት የሚያሳይ የዕፅ መጠጥ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ፈጽሞ አይገናኝ፤ በውስጡ ያለው ሃርሚን ኤምኤኦ የሚባለውን ኢንዛይም ያግዳል። ለሱስ ማስለቀቂያ ተብሎ የሚወሰደው ኢቦጋይን የሚባል የዕፅ ንጥረ ነገር ልብን ይነካል። ቲያኔፕቲንና ፌኒበት የሚባሉት መድኃኒቶች ከእነዚህ ጎን ይሸጣሉ እንጂ ዕፅዋት አይደሉም፤ በላብራቶሪ የተሠሩ ናቸው።

ሕጉን በሌላ አገር ስትፈትሹ "ዕፁ ተፈቅዷል ወይ" ብላችሁ ብቻ አትፈልጉ፤ የዕፁን ሳይንሳዊ ስምና የንጥረ ነገሩን ስም ለየብቻ ፈልጉ። ብዙ አገር ዕፁን ሳይጠቅስ ንጥረ ነገሩን ይከለክላል። እንግሊዝ በ2016 ሕጓ ማስገባትና መሸጥን ስትከለክል ለግል መያዝን ወንጀል አላደረገችም፤ ከውጭ በፖስታ ማዘዝ ግን ማስገባት ነው። ማሌዥያ በ1952 የመርዝ ሕጓ ትቆጣጠረዋለች። አሜሪካ በፌዴራል ደረጃ ክራቶምን በቁጥጥር ዝርዝር አላስገባችም፤ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣኗ በኦገስት 2016 ሊያስገባ አስቦ በኦክቶበር ሐሳቡን ስቧል። አላባማ፣ አርካንሶ፣ ኢንዲያና፣ ቨርሞንትና ዊስኮንሲን ግን ከልክለዋል፤ ሉዊዚያና ከኦገስት 2025 ጀምሮ ተጨምራለች። ዩታ በ2019 ከልክላ ሳይሆን የምርመራና የመለያ ጽሑፍ ግዴታ ጥላ ፈቅዳለች። በመኪና ግዛት የሚያቋርጥ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሕግ ያገኛል። ካቫን እንግሊዝ በምግብነት ከ2003 ጀምሮ ከልክላለች፤ አውስትራሊያ ግን 18 ዓመት የሞላው መንገደኛ በሻንጣው እስከ 4 ኪሎ እንዲያስገባ ትፈቅዳለች።

አሚትሪፕቲሊኑን ግን ይዞ ይሂድ፤ በራሱ ካርቶን፣ ስሙና መጠኑ ከተጻፈበት የሐኪም ማዘዣ ጋር፣ በእጅ ሻንጣው።