ለአልሚ መሬት በቅናሽ ይሰጥ ወይ? የድሬዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም የድሬ ልጆች። «በዝቅተኛ ዋጋ ቤት ለሚሠራ አልሚ አስተዳደሩ መሬት በቅናሽ ይስጠው» በሚለው ሐሳብ ስንከራከር ሰነበትን። በመሬት ልማት ሥራ 27 ዓመት አሳልፌአለሁና ጠይቁኝ። የግለሰብ ፋይል ግን አልመለከትም።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ ማበረታቻ የሚባለው ምን ምንድን ነው?

መልስ፦ በሊዝ አዋጅ 721/2004 የከተማ መሬት የሚገኘው በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በቀጥታ በመስጠት ነው። ምደባው ለመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች፣ ለተፈቀዱ የራስ አገዝ ቤቶችና ለመሳሰሉት ነው፤ የግል አልሚ በተለምዶ ይጫረታል። ስለዚህ ማበረታቻ ሲባል ወደ መነሻ ዋጋ (ጨረታው ወደሚጀምርበት ዝቅተኛ ዋጋ) በተጠጋ ሒሳብ መሬት መስጠት፣ የክፍያ እፎይታ ጊዜ ማራዘም፣ መንገድና ውሃ ቀድሞ ማስገባት ነው። ሁሉም ከከተማው ኪስ ይወጣል። ለስሌት ያህል፣ በጨረታ በካሬ 10,000 ብር የሚያወጣ 2,000 ካሬ በ1,000 ብር ቢሰጥ ከተማው 18 ሚሊዮን ብር ተወ ማለት ነው። አልሚው በምላሹ 20 ርካሽ ቤት ካስረከበ እያንዳንዱን በ900,000 ብር ደጎምነው። 5 ብቻ ካስረከበስ? አንዱ ቤት 3.6 ሚሊዮን ፈጀብን! እኔ ማበረታቻውን አልቃወምም። ግን ስንት ቤት፣ ስንት ካሬ፣ በስንት ብር፣ ለማን፣ ለስንት ዓመት ሳይሸጥ እንደሚቆይ በሊዝ ውሉ ላይ ይጻፍ። ውሉ ላይ የሌለ ነገር አይቆጠርም።

ሰሚራ፦ ኮንዶሚኒየም ከተመዘገብኩ ስንት ዓመቴ፤ መቼ ይደርሰኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን እኔ አላውቅም። የምዝገባ ወረቀትሽን ይዘሽ ቤቶች ቢሮ ጠይቂ።

የለገሐሬው፦ ቤቱ ስንት ብር ይሆናል?

መልስ፦ የትኛው ቤት? የት ሰፈር? ስንት ካሬ?

አሸዋ ሰፈር፦ አቦ፣ አልሚ ምን ያደርግልናል? መሬቱ ለቤት ሥራ ማህበራት ይሰጥ፣ ራሳችን እንሠራለን።

የሳቢያን ልጅ፦ አንተ ማህበር ገብተህ አታውቅም መሰለኝ። እኛ ስድስት ዓመት ቆጥበን ብሎኬት እንኳ አላቆምንም፤ የስሚንቶው ዋጋ ቀደመን።

አሸዋ ሰፈር፦ የእናንተ አመራር ደካማ ስለነበር ነዋ! የአጎቴ ማህበር ጨርሶ ገብቷል።

ሰሚራ፦ እናንተ ስትጨቃጨቁ የእኔ አከራይ ዘንድሮም ጨመረ።

መልስ፦ ማህበርም አልሚም ይሥራ፤ ውሉ ላይ ግዴታው ይጻፍ። ወደ ርዕሱ እንመለስ።

ታይዋን፦ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለው ባዶ ቦታ ለምን አይሰጥም? ለመጋላም ለከዚራም ቅርብ ነው፣ ለድሃ ሰው የታክሲ ወጪ ይቀንሳል።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ያመኛል፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ደቻቱን ዓመቱን ሙሉ የምናውቀው አሸዋ ሆኖ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ያቋርጠዋል። ጎርፉ ግን የሚመጣው ከእኛ ሰማይ አይደለም። በደንገጎና በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ነው ተጠራቅሞ የሚወርደው፤ ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ሰው በተኛበት መጣና ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። በማግስቱ ጭቃ ውስጥ ሰው ስንፈልግ ነበርኩ። ቦታው ባዶ የሆነው የሚሠራበት ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ውሃው ደርሶበት ነው። የመከላከያ ግንብ አለ ትሉኛላችሁ። ግንብ ጎርፉን ይገታል፣ ግን ወንዙ ደለል በሞላ ቁጥር ቁመቱ ያንሳል፤ ደለሉ በየዓመቱ ካልተጠረገ ግንቡን ተማምኖ ልጆች ማስተኛት አይቻልም። ርካሽ መሬት ሁልጊዜ ወንዝ ዳር ይገኛል፤ አልሚውም ለድሃው ድርሻ የሚመርጠው እሱን ነው። ስለዚህ የርካሽ ቤቶቹ ቦታ ጭምር ውሉ ላይ ይጻፍ።

የለገሐሬው፦ እሺ፣ ግን በግምት ስንት ብር?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰፈርና ካሬ ሳትነግረኝ ዋጋ ብነግርህ ማታለል ይሆናል። ሦስተኛ አትጠይቀኝ።

ታይዋን፦ ጋሼ፣ ሕዝብ ለውይይት ቢጠራ ምን ልጠይቅ?

መልስ፦ ርካሾቹ ቤቶች መጀመሪያ ነው መጨረሻ የሚሠሩት ብለህ ጠይቅ። መጨረሻ ከተባለ አልሚው ውዶቹን ሸጦ «ብረት ተወደደ» ይላል፣ መሬቱ ግን በእጁ ነው። ርካሾቹ ሳይረከቡ ለውዶቹ ካርታ አይሰጥ በል፤ በቃለ ጉባኤም አስመዝግብ።