ካስ ስላሉት ያገለገሉ ባቡሮች ለጠየቅሽው

የእህታችን ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ካስ ወደሚባል ቦታ ልጆቼን ይዤ ልሄድ ነው። አንዱ የእንፋሎት ባቡር ከካሊፎርኒያ፣ ሌላው ከካናዳ መጣ ይላሉ። ልባሽ ባቡር ሰብስበው ነው እንዴ የሚያሳዩት? ለልጆችስ አያሰጋም? ያን ሁሉ መንገድ መንዳት ያዋጣል?»

እኔ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ አራት ጊዜ ሄጃለሁ። ሙያዬ መካኒክ ነው። አባቴም ድሬዳዋ ምድር ባቡር መካኒክ ነበር። እሱ የሠራው ግን በናፍጣው ዘመን ነው፤ የእንፋሎቱን ነገር የሰማው ከእሱ በፊት ከነበሩት ነው። ስለዚህ ወሬዬ ቢረዝም ቻይኝ።

አዎ፣ ከባቡሮቹ ብዙዎቹ ያገለገሉ ናቸው። ቁጥር 5 ግን የቤት ልጅ ነው። በ1905 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኦሃዮ ውስጥ ላይማ ከሚባል ከተማ ፋብሪካ ወጥቶ ካስ ገባ። ከዚያ ወዲህ ኑሮው እዚያው ተራራ ላይ ነው። ቁጥር 2 የ1928 ሥሪት ሲሆን ቫንኩቨር ደሴት ላይ ግንድ ሲጎትት ኖሯል። ቁጥር 11 የ1923 ነው፤ ከካሊፎርኒያ ጫካ የመጣው እሱ ነው። ቁጥር 6 ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው፤ እመለስበታለሁ።

«ልባሽ» ያልሽው አስቆኛል፤ ግን አልተሳሳትሽም። ሩቅ ቦታ ያለ ትንሽ የባቡር መስመር ድሮም አዲስ ሞተር የመግዛት አቅም አልነበረውም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች በ1940ዎቹና በ50ዎቹ ወደ ናፍጣ ሲዞሩ የእንፋሎት ባቡሮቻቸውን በብረታ ብረት ዋጋ ያራግፉ ጀመር። ትንንሾቹም ተሻሙ። ሚሲሲፒ ውስጥ ከኤመሪ እስከ ፉልተን 24 ማይል ብቻ የምትሄድ አንዲት መስመር ነበረች። ፍሪስኮ ከሚባለው ትልቅ ኩባንያ ሁለት ያገለገሉ የእንፋሎት ባቡሮች ገዝታ እስከ 1967 ዕቃ ስታመላልስባቸው ኖራለች። ያኔ ትልልቆቹ እንፋሎትን ከረሱት ቆይተዋል። ዛሬ በሕይወት ካሉት የእንፋሎት ባቡሮች ብዙዎቹ የተረፉት እንዲህ በገጠር ትንንሽ መስመር እጅ ስለገቡ ነው።

የካስ ግን ዋጋ ብቻ አይደለም። የተገኘው ባቡር ሁሉ እዚያ መሥራት አይችልም። ዳገቱ በአንዳንድ ቦታ 11 በመቶ ይደርሳል፤ መቶ ሜትር ስትሄጂ 11 ሜትር ትወጫለሽ ማለት ነው። ለተራ ባቡር 2 በመቶ ራሱ ከባድ ነው። ሐዲዱ በዚግዛግ ነው የሚወጣው፤ ባቡሩ ወደፊት ይሄዳል፣ ይቆማል፣ መስመር ይቀየርለታል፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየሄደ ይወጣል።

ለዚህ የተሠራው «ሼይ» የሚባለው ዓይነት ነው። ኤፍሬም ሼይ የተባለ የሚቺጋን ግንድ ነጋዴ ነው ያሰበው፤ የፈጠራ መብቱን በ1881 አስመዘገበ። በተለመደው ባቡር ፒስተኑ ጎማውን በረጅም ብረት ቀጥታ ይገፋል። በሼይ ግን ፒስተኖቹ በቀኝ ጎን ቀጥ ብለው ቆመዋል። እንደ መኪና ሞተር የክራንክ ዘንግ ያዞራሉ። ከዚያ በጎን በኩል የተዘረጋ ዘንግ ኃይሉን በማርሽ ለእያንዳንዱ ጎማ ያካፍላል። ባጭሩ ሁልጊዜ በአንደኛ ማርሽ የሚሄድ መኪና በይው። ፍጥነት የለውም፤ ጉልበት ግን አለው። ሞተሩ በቀኝ ስለሆነ ሚዛን እንዲጠብቅ ቦይለሩን፣ ማለትም ውኃው ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበትን ትልቅ በርሜል፣ ወደ ግራ ገፋ አድርገውታል። ከፊት ስታይው ጠማማ ይመስላል። መጀመሪያ ሳየው የተጋጨ መስሎኝ ነበር።

አሁን ቁጥር 6። ይህ በ1945 የተሠራ ሲሆን የመጨረሻው ሼይ ነው። ከእሱ በኋላ አልተሠራም። 162 ቶን ይመዝናል። ዌስተርን ሜሪላንድ የተባለው ኩባንያ ሜሪላንድ ውስጥ ለድንጋይ ከሰል ማውጫ ገዛው። ጥቂት ዓመት እንደሠራ ሥራው አለቀ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባልቲሞር ያለው የባቡር ሙዚየም ገባ። ካስ በ1980 አካባቢ በልውውጥ ወሰደው፤ ሌላ ሼይ ሰጥቶ። እንግዲህ ከሙዚየም ወጥቶ ወደ ሥራ የተመለሰ ባቡር ማለት ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ይህ ነው። ሲጀምር መሬቱ ይርገበገባል።

አደጋ ያልሽው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ በጨዋታ አላልፈውም። ያገለገለ መኪና ስትገዢ ሞተሩን ነው የምታዪው። በእንፋሎት ባቡር የሚታየው ቦይለሩ ነው። ከእሳቱ በላይ ያለው ብረት ሁልጊዜ በውኃ መሸፈን አለበት። ውኃው ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ግፊቱ ይበጥሰዋል። በ1995 ፔንስልቬኒያ ውስጥ ከካናዳ የመጣ ያገለገለ ባቡር ላይ ይኸው ደረሰ። ውኃው ማነሱን ሳያውቁ ቀሩ፤ ሦስት ሠራተኞች ተቃጠሉ። የውኃ መለኪያው በደንብ አልተያዘም ነበር። ከዚያ በኋላ የፌዴራል ደንቡ ተሻሻለ። ዛሬ ቦይለሩ 1,472 የሥራ ቀን ሲሞላው፣ ወይም 15 ዓመት ሲሆነው፣ ከሁለቱ በቀደመው ተፈትቶ ይመረመራል። ስለዚህ ባቡሩ መቶ ዓመት ቢሆነውም ቦይለሩ ያን ያህል ጊዜ ሳይታይ አይቆይም። እኔ ልጆቼን አሳፍሬያለሁ።

ሌላ የሚያስደስተኝ ነገር፣ ሲወጣ ባቡሩ ፉርጎዎቹን ከኋላ ሆኖ ይገፋል እንጂ አይጎትትም። መያዣው ቢበጠስ እንኳ ፉርጎው ቁልቁል አያመልጥም፤ ባቡሩ ላይ ይደገፋል።

ፉርጎዎቹ የድሮ ግንድ መጫኛዎች ናቸው፤ ጣሪያና አግዳሚ ወንበር ተጨምሮላቸዋል። ጎናቸው ክፍት ነው። ባቡሮቹ ድሮ ግንድ ያመላልሱለት የነበረው የካስ የእንጨት ፋብሪካ በ1960 ሲዘጋ ሐዲዱ ሊነቀል ነበር። አንድ የባቡር ወዳጅ የአካባቢውን ሰዎች አስተባብሮ ግዛቱ እንዲገዛው አደረገ። በ1963 ሰው መጫን ጀመረ።

ስለ ጉዞው። ሁለት ምርጫ አለ። መንገድ ላይ እስካለው ዊታከር ጣቢያ ድረስ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ይበቃል። ባልድ ኖብ እስከሚባለው ተራራ ጫፍ ግን አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የእኔ ትንሹ ልጅ መውጣቱን ወደደው፣ መመለሱን ተኛበት። ጫፉ 1,476 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ ልጅ በዚህ አይደነቅም፤ ግን ብርዱ ከታችኛው ጋር አይገናኝም። ሐምሌ ላይም ጃኬት ያዢ። ነጭ ልብስ አታልብሻቸው፤ የከሰል ብናኝ ይዘንብባቸዋል። መነጽርም ጥሩ ነው። እኔ መጀመሪያ ቀን ዓይኔን ሳሽ ውዬ ገጠሩን ሳላይ ተመለስኩ።

ስልክ አይሠራም። ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ አይደለም። አጠገቡ ግሪን ባንክ የሚባል ትልቅ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ስላለ አካባቢው ከ1958 ጀምሮ የሬዲዮ ጸጥታ ክልል ነው። ካርታውን ቀድመሽ አውርጂ፤ ቤንዚንም ሙይ።

ሩቅ ሆኖ ከታየሽ ስትራስበርግ፣ ፔንስልቬኒያ ያለው የእንፋሎት ባቡር መስመር ይቀርባል። የእነሱ ቁጥር 90 ከኮሎራዶ በ1967 የተገዛ ያገለገለ ባቡር ነው፤ በፊት ለስኳር ፋብሪካ ይሠራ ነበር። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ጉዞውም አጭር። ለሦስት ዓመት ልጅ እዚያ ይሻላል። የአንቺ ትልልቆች ከሆኑ ግን ካስ።

ስትሳፈሪ ባቡሩ አጠገብ ያለው ፉርጎ ላይ፣ ፒስተኖቹ ባሉበት ጎን ተቀመጪ። እኔ ድምፁን ቀድቼ፣ ኔትወርክ ያለበት ስደርስ ለአባቴ ላክሁለት። ሁለቴ አዳምጦ «ማርሹን ማን ነው የሚቀባው? ጎበዝ ነው» አለኝ።