«እየቆራረጠ ያረጋጋል» ይባላል?

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። ደሴ ሸዋ በር አካባቢ የስልክና የቻርጀር ጥገና ሱቅ አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደብተሩ ላይ ‹ሬጉሌተሩ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ያረጋጋዋል› ብሎ ጻፈ። የሚቆራረጥ ነገር ደግሞ እንዴት ይረጋጋል አልኩት። የተሳሳተው ሰዋስው ነው ወይስ ነገሩ?»

መልስ፦ ሬጉሌተር ማለት የሚወጣው ቮልቴጅ ከልኩ እንዳይወጣ የሚጠብቅ ዕቃ ነው። ሰዋስው አልተሳሳተም። ነገሩም ቢሆን ከልክነቱ አይርቅም። ጆሮዎን የቆረቆረው የግሱ መጥፎ ስም ነው። እኛ ዘንድ «ይቆራረጣል» የሚባለው መብራት ነው፣ ኔትወርክ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ቻርጀሩ እየቆራረጠ ነው» ካለዎት ሊያመሰግን አይደለም የመጣው።

«ቆረጠ» ብለን መካከለኛዋን «ረ» ስንደግማት «ቆራረጠ» ይሆናል። ይህ ድጋሚ ድርጊቱ ብዙ ጊዜ መደረጉን ይነግረናል። በሥርዓት መደረጉን ግን አይነግረንም። «ጠያየቀ» ያልነው ሰው እዚህም እዚያም ነው የጠየቀው። «ቀማመሰ» ያልነውም ከዚህም ከዚያም ነው ያነሳው። ሬጉሌተር እንዲህ አይቀማምስም፤ ሥራው በልክ ነው።

12 ቮልት ገብቶ 5 ቮልት ይውጣ እንበል። የድሮው ሬጉሌተር፣ ያ ባለ ሦስት እግሩ 7805፣ ትርፉን 7 ቮልት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። 1 አምፔር ሲያልፍበት 7 ዋት ሙቀት ማለት ነው፤ ጣት አያስቀምጥም። ልጁ ስለ እሱ የጻፈው ዓይነት ግን ትርፉን አያቃጥልም። ትራንዚስተሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈውንና የሚዘጋውን ትንሽ ክፍል፣ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠቀምበታል። አንዱን የማብራትና የማጥፋት ዙር 12 ቦታ ብንከፍለው በ5ቱ ይበራል፣ በ7ቱ ይጠፋል። አማካዩ 5 ቮልት መጣ። በሴኮንድ 100 ሺህ ጊዜ የሚሠራ ከሆነ ዙሩ በሙሉ 10 ማይክሮሴኮንድ ብቻ ነው። (ስለዚህ «ብልጭ ድርግም ይላል» ማለትም አያስኬድም። እሱ ዓይን ለሚያየው ነገር ነው።)

አሁን ልጁን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ የሚያረጋጋው ማን ነው? «እየቆራረጠ ያረጋጋዋል» ስንል ቆራጩም አረጋጊውም አንድ ሆኗል። ትራንዚስተሩ ግን ቆራጭ ብቻ ነው። ከእሱ የሚወጣው 12፣ 0፣ 12፣ 0 ነው። ይህን የሚያለሳልሱት ኮይሉ (የተጠመጠመው ሽቦ) እና ካፓሲተሩ (ቻርጅ የሚያጠራቅመው) ናቸው። ሜዳ ላይ ሞተሩ የጠፋ ባጃጅ ወዲያው ቀጥ እንደማይል ሁሉ፣ ኮይልም ውስጡ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ ማለትም ከረንቱ፣ በአንዴ እንዲቆም አይፈቅድም። ትራንዚስተሩ ሲጠፋ ያጠራቀመውን ጉልበት ይለቃል፤ ከረንቱም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፈው በዳዮዱ በኩል ዞሮ ይቀጥላል። የቀረችውን ትንሽ መዋዠቅ ካፓሲተሩ ይውጣታል። እንግዲህ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት «ሬጉሌተሩ» እስከሆነ ድረስ ልጁ ትክክል ነው፤ ሁሉም በውስጡ አሉና። «ትራንዚስተሩ» ብሎ ቢጽፍ ግን ቀይ እስክሪብቶ ይገባው ነበር።

ደግሞ ልብ ይበሉ፣ «ያረጋጋል»ም ራሱ የተደገመ ግስ ነው። «ረጋ» ብለን «ተረጋጋ» እና «አረጋጋ» እንላለን። ሰው «ተረጋጋ» ሲባል ብዙ ጊዜ ረጋ ማለታችን አይደለም። ለዚህ ዕቃ ግን ድጋሚው ይገጥመዋል፤ የሚያረጋጋው አንዴ አስተካክሎ በመተው አይደለማ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲሰካ ቮልቴጁ ከ220 ወርዶ 170 ቢገባ ባለ ክሩ አምፖል ይደበዝዛል። ስልክዎ ግን መሙላቱን አያቆምም። ቻርጀሩን ገልብጠው ቢያዩት ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚቀበል ተጽፎበታል። የግድግዳ ቻርጀር ትንሽ ትራንስፎርመር ስላለው አሠራሩ በመጠኑ ይለያል፤ ዋናው ነገር ግን ያው ነው። አይሲው (ተቆጣጣሪው ቺፕ) መውጫውን ይጠብቃል፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ትራንዚስተሩ በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያስረዝማል፣ ሲወጣ ያሳጥራል። ይህ ሳያቋርጥ ይደጋገማል።

«ሬጉሌተር»ን በአማርኛ እንበለው ካላችሁ «ማረጋጊያ» ከ«መቆጣጠሪያ» ይሻላል። «መቆጣጠሪያ» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው። ሱቅ ውስጥ ግን «ሬጉሌተር» ቢባል ማንም አይቸገርም፤ እኔም አልከራከርም።

እኔ ብሆን የምቀይረው ሁለት ነገር ነው። «ኤሌክትሪኩን» የሚለው ይሰፋል፤ የሚረጋው ቮልቴጁ ነው። «እየቆራረጠ»ም ወጥቶ «እያበራና እያጠፋ» ይግባ፤ መቁረጡን ብቻ ሳይሆን መመለሱንም ይናገራልና። እንዲህ ይሆናል፦ «ሬጉሌተሩ ትራንዚስተሩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ፣ በርቶ የሚቆይበትንም ጊዜ እያስተካከለ፣ የሚወጣውን ቮልቴጅ ያረጋጋል።»