መልስ፦ የጀልባ ተሳቢ ጎማ ሲግል

«የጀልባ ተሳቢዬ አንዱ ጎማ ይግላል፤ ግራሶ ብቻ ልጨምርበት?» ላልከው፣ አይ ወንድሜ፣ ፍታው። መንገድ ላይ የጋለ የኩሽኔታ ቤት (ጎማው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት) ቀዝቃዛ ሐይቅ ውስጥ ሲገባ፣ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃ ይስባል። ስትከፍተው ግራሶው ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ አበቃ፣ ውሃ ገብቶበታል። የኔም እንደዚያው ነበር፤ ላዩ ላይ ስጨምር ከርሜ ኩሽኔታው ዝጎ ጠበቀኝ።

ኩሽኔታውን በናፍጣ እጠበውና በደንብ አድርቀው። በጣትህ ስታሽከረክረው ከቆረቆረህ ጣለው። ግራሶውን መዳፍህ ላይ አድርግና በሰፊው ጎን በኩል፣ በሌላው እስኪወጣ ድረስ እየጫንክ አስገባ። ውሃ የሚቋቋም ይሁን፤ ከአሮጌው ጋር አትደባልቀው። ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን የኋላ ጎሚኒ ቀይረው፣ ርካሽ ነው። ስትገጥመው የኩሽኔታውን ዳዶ አጥብቀህ ጥቂት መልስለት፤ ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዘው ኮፒሊያ አዲስ ይሁን። በዓመት አንዴ እንዲህ አድርግ። ሐይቁ ጋ ስትደርስ ደግሞ አትቸኩል፤ ጎማው እስኪበርድ ሻይህን ጠጣ።