የሙዚየሙ ብር የት ነው ሚሄደው? የአንባቢዎች ጥያቄና የኛ መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ዝግጅት ክፍሎች እንደምን ናችሁ። ሐረር ጀጎል ነው ምኖረው። ታናሽ ወንድሜ አሜሪካ ነው ያለው፣ ለአረፋ መጥቶ ስሚዝሶኒያን የሚባለው የመንግሥት ሙዚየማቸው ለየትኛው ድርጅት የስንት ዶላር ኮንትራት እንደሰጠ ስልኩ ላይ አንድ በአንድ አሳየኝ። እኔ ደግሞ እዚሁ አካባቢ ስሙን ልተወውና አንድ ሙዚየም ሲታደስ ከርሞ ስንት እንደወጣበት ብጠይቅ ጥበቃው ቢሮ ሂድ አለኝ፣ ቢሮው ፋይናንስ ጠይቅ አለኝ፣ ፋይናንስ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ነው። ለመሆኑ ሙዚየም ይሄን ሁሉ ብር ምን ላይ ነው ሚያወጣው? እቃው እንደሆነ ብዙውን ሕዝቡ ከቤቱ አውጥቶ የሰጠው ነው። እኛስ እንደነሱ ማየት አንችልም ወይ? ከሸዋ በር አካባቢ

መልስ፦ ወንድሜ ከብሩ ልጀምርልህ። ሙዚየም ብዙ ብር ሚያወጣው ቅርስ ለመግዛት እንዳይመስልህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ ወጪ የሠራተኛው ደመወዝ፣ ህንጻው፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ መብራቱ፣ ካሜራው፣ ኮምፒውተሩ፣ ማሳያ ሳጥኑ ምናምን ነው። ስሚዝሶኒያን ራሱ በፈረንጆቹ 1846 በኮንግረስ የተቋቋመ ነው፣ 21 ሙዚየምና አንድ መካነ እንስሳት አለው፣ ከገቢው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከፌዴራል መንግሥቱ ነው ሚመጣው (የመነሻውን ብር የተናዘዘላቸው ግን ጀምስ ስሚዝሰን የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ነው፣ ሰውየው አሜሪካን አንዴም ሳይረግጣት ነው የሞተው፣ ሁሌ ይገርመኛል)።

ወንድምህ ያሳየህ ዌብሳይት ዩኤስኤ ስፔንዲንግ ሚባለው ነው መሰለኝ። በፈረንጆቹ 2006 የወጣ የአሜሪካ ህግ መንግሥት የሚሰጠው ኮንትራት ማንም በነጻ ሊያየው በሚችል ዌብሳይት ላይ ይውጣ ብሎ አስገደደ፣ በቀጣዩ ዓመት ተከፈተ። ግን እዛ ላይ ያየኸው ቁጥር ሁሉ የተከፈለ ብር ነው ብለህ እንዳታስብ። ዋናው ቁጥር መንግሥት ልከፍል ተስማምቻለሁ ብሎ የያዘው ነው፣ ከሱ ሌላ ኮንትራቱ እየተራዘመ ቢሄድ ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ አለ፣ ሁለቱን አደባልቆ ይሄን ያህል በሉ እያለ ሚጮኸው ሰው ብዙ ነው። በኔጌቲቭ የተጻፈ ካየህ ደግሞ ተይዞ የነበረና ሳያስፈልግ ቀርቶ የተመለሰ ብር ነው። እኔ ብሆን በጣም ማየው ማሻሻያዎቹን ነው፣ አንድ ኮንትራት ሲሻሻል እያንዳንዱ ማሻሻያ ለብቻው መስመር አለው፣ በትንሽ ብር ተፈርሞ ቀስ በቀስ ያበጠ ሥራ እዛ ጋ ነው ሚታወቀው።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው ሁሉ ሚጠይቀው ማን አሸነፈ፣ የማን ዘመድ ነው ሚለውን ነው፣ እሱም መጠየቅ አለበት፣ ግን የሙዚየም ብር ሚባክነው አብዛኛውን ጊዜ ከዛ በፊት፣ ስፔሲፊኬሽኑ (ሥራው በምን ዓይነት ዕቃና እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸው ዝርዝር) ሲጻፍ ነው። የስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም በፈረንጆቹ 1976 ነው የተከፈተው፣ ግድግዳው ላይ የተለበጠው እብነ በረድ ስስ ስለነበር እየቆየ ተጣመመ፣ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሲስተሙም አረጀ፣ በፈረንጆቹ 2018 ላይ እድሳት ተጀምሮ ድንጋዩ በሙሉ ተነስቶ በግራናይት ተቀየረ፣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ፈጀ። ይሄ እንግዲህ ኮንትራቱ ዌብሳይት ላይ የሚወጣለት ተቋም ነው።

እኛ ጋ ስትመጣ ነገሩ ይብሳል ምክንያቱም የጀጎል ቤት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ነው፣ ግድግዳው እርጥበት ያስገባል ያስወጣል። ሰነዱ ላይ "ግድግዳ መለሰንና ቀለም መቀባት" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ተጫራቹ ሁሉ ሲሚንቶ አስቦ ነው ዋጋ ሚሞላው፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ያሸንፋል፣ ሲሚንቶውን ይለስናል፣ ርክክብ ይደረጋል፣ ፎቶም ይነሳል። ከዛ ክረምት ሲመጣ ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ልስኑ እየተፈነቀለ ሲወድቅ አሮጌውን ጭቃና ድንጋይ ይዞ ነው ሚወድቀው። እና እዚህ ሥራ ላይ ማንም ሰው ሳይሰርቅ፣ ጨረታውም በደንቡ ሆኖ፣ ብሩም ቤቱም ጠፋ። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ቅርስ ከመጠገኑ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል፣ ስለዚህ ፈቃዱ ፋይሉ ውስጥ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ያንተም መብት ነው።

እንዴት ልጠይቅ ላልከው፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ ለምን ፈለግከው ተብለህም አትጠየቅም። ፋይናንስ በር ላይ አትቁም፣ ጥያቄህን በጽሁፍ አድርገህ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አስገባ፣ ኮፒህ ላይ "ገቢ" ተብሎ ማህተምና ቀን ይደረግልህ፣ መልስ ሊሰጡህ የሚገባው 30 ቀን ከዛ ነው ሚቆጠረው። ካልመለሱልህ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ከዛ ለእንባ ጠባቂ ተቋም ነው አቤቱታው። ስትጽፍ ደግሞ "ስለ እድሳቱ መረጃ" ብለህ በደፈናው አትጻፍ፣ የጨረታ ሰነዱ ከነስፔሲፊኬሽኑ፣ የተፈረመው ውል፣ ካለ ማሻሻያው፣ የርክክብ ሰነዱ ብለህ በስም በስሙ ጥቀስ። የተጫራቾችን የንግድ ምስጢር አንሰጥም ሊሉህ ይችላሉ፣ ህጉም ይፈቅድላቸዋል፣ ውሉ ስንት ብር ነው ሚለው ግን ምኑ ነው ምስጢር።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ነኝ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅተን የእንጨትና የአሉሚኒየም ሥራ ነው ምንሠራው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሙዚየም የሚሆን ባለ መስታወት ሳጥን ፈልጎ ፕሮፎርማ ስጡን አለ፣ ስንሰጥ ልጁ "ሁለት ሌላ ፕሮፎርማ ከሰው ለምናችሁ ጨምራችሁ አምጡ፣ ከናንተ ከፍ ያለ ዋጋ ይሁን" አለን። ሁሉም እንደዛ ነው ሚሠራው ይላሉ፣ እኛ ግን ፈራን። ሥራውም እንዳያመልጠን እንፈልጋለን።

መልስ፦ እህቴ የፈራሽው ልክ ነሽ፣ እንዳታደርጉት። ፕሮፎርማ ሚሰበስበው ገዢው ራሱ ነው፣ ከተለያዩ አቅራቢዎች፣ ለየብቻ። እናንተ ሁለት የውሸት ዋጋ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ነገ ኦዲት ሲመጣ ማህተሙ የናንተ ነው፣ ያዘዛችሁ ልጅ ፊርማ የትም የለም። የራሳችሁን ብቻ አስገቡ፣ ካስቸገራችሁ መሥሪያ ቤቱ የሥነ ምግባር ክፍል ይኖረዋል፣ እዛ በጽሁፍ አስታውቁ። ግልጽ ጨረታ ሲወጣ ደግሞ አትለፉት፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ሲፒኦ (ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ሰነድ) ማሠሪያ የለንም ብላችሁ ከሆነ የተደራጁ ኢንተርፕራይዞች ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ አምጥተው ሚወዳደሩበት ብዙ ጨረታ አለ፣ ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ስለ ሳጥኑ አንድ ነገር ልንገርሽ ምክንያቱም ገዢው ላይነግርሽ ይችላል። ውስጡ ምን እንደሚቀመጥ ጠይቂ። የሐረሪ የብር ጌጥ ከሆነ መስታወቱን የሚይዘው ተራ ጥቁር ጎማ ሰልፈር ስላለው ብሩን ያጠቁረዋል፣ በሲሊኮን ይሻላል። የብራና ወይ የወረቀት መጽሐፍ ከሆነ መብራቱ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) ገደማ እንዲሆን ነው ሚመከረው፣ ማለትም ደብዘዝ ያለ ነው፣ አምፖሉም ሳጥኑ ውስጥ ሆኖ እንዳያሞቀው። አዲስ ቀለምና ኤምዲኤፍ (ተጨምቆ የተሠራው የእንጨት ሰሌዳ) ደግሞ ሽታው እስኪወጣ ተዘግቶ ቅርስ ሊቀመጥበት አይገባም። ይሄን ፕሮፎርማችሁ ላይ በዝርዝር ጻፉት፣ ዋጋችሁ ከሌላው ለምን ከፍ እንዳለ ቴክኒክ ኮሚቴው ሚያየው እሱን ነው። ስታስረክቡ ደግሞ ንብረት ክፍሉ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆርጥላችሁ ከግቢው አትውጡ፣ ክፍያው ያለሱ አይንቀሳቀስም።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ሁሉም መሥሪያ ቤት ሰኔ ሲደርስ ሩጫ ሚጀምረው? ከድሬዳዋ ሳቢያን

መልስ፦ በጀት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነው፣ ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ይሆናል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ሲጠይቁ ደግሞ ያኛውንስ መች ጨረስከው ይባላሉ። የአሜሪካኖቹም በጀት በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ሲዘጋ ያው ሩጫ አለ። ጉዳቱ ለሙዚየም ሲሆን ነው ሚከፋው፣ የወራት ጥናት ሚፈልግ ጥገና በሁለት ሳምንት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ሲያልቅ አስቡት። ምትጠይቁት ዓመታዊ የግዥ እቅዱን ነው፣ ሐምሌ አካባቢ ነው ሚዘጋጀው። ሰኔ ላይ የተገዛው ነገር እቅዱ ላይ ከሌለ እቅዱ መቼ እንደተሻሻለና ማን እንዳጸደቀው የሚያሳይ ወረቀት ፋይሉ ውስጥ መኖር አለበት፣ እሱን ወረቀት ጠይቁ።