መልስ፦ በደቡብ ቺሊ የምትገኘውን የቫልዲቪያ ከተማ ያለ መኪና ማየት ይቻላል?

ይቻላል፣ መኪና አትከራይ። ለሁለት ቀን እረፍት እግርህና የከተማው አውቶቡስ ይበቁሃል።

የመጀመሪያውን ጠዋት ወንዙ ዳር ላለው የዓሣ ገበያ ስጠው። ፌሪያ ፍሉቪያል ይሉታል። ሻጮቹ ዓሣ ሲያጸዱ የሚጥሉትን ለመቅለብ ግዙፍ የባሕር አንበሶች ከኋላ ተኮልኩለው ይጠብቃሉ። ወፎቹም ይሻማሉ። ከቺሊ ከተሞች እንዲህ ያለ ገበያ የትም አላየሁም፤ አትቸኩል። ፎቶ ለማንሳት ብለህ ግን የባሕር አንበሶቹን አትጠጋቸው፣ ይናከሳሉ። ከሰዓት በኋላ ድልድዩን በእግር ተሻግረህ ኢስላ ቴሃ ወደምትባለው ደሴት ግባ። የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ሥፍራ ለእግር ጉዞ ግሩም ነው።

በማግስቱ ኒየብላ የሚል አውቶቡስ ያዝ። ወንዙ ከፓስፊክ ውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው። ስፔኖች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሠሩትን ምሽግ እይና በጀልባ ማዶ ወዳለችው ኮራል ከተማ ተሻገር። እ.ኤ.አ. በ1960 የደረሰው፣ መጠኑ 9.5 ሆኖ የተመዘገበው የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አካባቢ ክፉኛ መትቶታል። በወንዙ ዳር የምታያቸው ረግረጎች ብዙዎቹ ያኔ መሬቱ ሰጥሞ የተፈጠሩ ናቸው።

አንድ ነገር ልብ በል፦ የእነሱም ክረምት እንደኛው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። ዝናቡ ሲጀምር ቀኑን ሙሉ ሊወርድ ይችላል፤ የጀልባ ሽርሽርም አያምርህም። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብትሄድ ይሻላል። ያኔም ቢሆን የዝናብ ጃኬት ያዝ።